ሰርቪስ ተደርጎ ለምን ባሰበት?

ጋራዥ ገብቶ የወጣ አሮጌ ሞተር ሳይክል ከበፊቱ ብሶ ሲገኝ ባለቤቱ መጀመሪያ የሚለው «መካኒኩ አበላሸብኝ» ነው። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ዕድሜውን ጨርሷል፣ ልሽጠው» ይላል። ሁለቱም አንዳንድ ጊዜ እውነት ናቸው። እኔ ግን ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ስለ ሦስተኛው ምክንያት ነው፤ እሱን ካወቅሁ ወዲህ የሚንተፋተፍ አሮጌ ሞተር በሰማሁ ቁጥር ቆሜ ማዳመጥ ደስ ይለኛል። አሮጌ ሞተር ላይ ያሉ ጉድለቶች ተቻችለው ነው የሚኖሩት። በአህያ ጀርባ ላይ ግራና ቀኝ እንደተጫነ ጭነት አንዱ የሌላውን ሚዛን ይጠብቅለታል፤ አንዱን ብቻ ስታወርዱት ሌላው ይወድቃል።

እንዴት መሰላችሁ? አየር ማጣሪያው፣ ፊልትሮ የምንለው፣ በአቧራ ሲደፈን ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር ያንሳል፤ ስለዚህ ቤንዚኑ ይበዛበታል። በዚያው ሞተር ላይ ካርቡራተሩ ከቴስታታው ጋር የሚገናኝበት ላስቲክ ተሰንጥቆ ከሆነ ደግሞ በስንጥቁ በኩል ማንም ያልለካው አየር ሾልኮ ይገባል፤ ቤንዚኑ ያንስበታል። አንዱ እያበዛ ሌላው እያሳነሰ ሞተሩ ለዓመታት ደህና ይሄዳል። ከዚያ ሰርቪስ ይደረጋል፣ ፊልትሮው ታጥቦ ይገባል። አሁን አየር በትክክለኛውም በር በስንጥቁም ይገባል። ሞተሩ ነዳጅ ሲሰጡት ይንገራገጫል፣ ማርሚታው ውስጥ ይተኩሳል፣ ሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይሰጡት የሚሠራበትን ዝቅተኛ ዙር፣ አልይዝም ይላል። መካኒኩ የሠራው ሥራ ትክክል ነበር። ያልተሠራው ሥራ ነው አሁን ድምፅ ያሰማው። እዚህ ላይ አንዳንዱ ሰው «የድሮውን ፊልትሮ መልስልኝ» ይላል፤ ሞተሩም በእርግጥ ይሻለዋል፤ ስንጥቁ ግን እዚያው ነው፣ በየቀኑም ይሰፋል።

ይህን ሁሉ በአንድ ሞተር ላይ ብናየው ይቀላል፤ ሆንዳ ሲጂ 125ን ልምረጥ። ሆንዳ በ1976 እ.ኤ.አ. ያወጣው ይህ ሞተር ሳይክል መደበኛ ጥገና በቀላሉ ለማይገኝባቸው አገሮች ታስቦ የተሠራ ነው። ካምሻፍቱ የሚዞረው በካቴና ሳይሆን በጥርስ ነው፤ ቫልቮቹ ድረስ የሚደርሰውም ግፊት በረጃጅም ዘንጎች በኩል ነው። ስለዚህ ላልቶ የሚያስቸግር የሞተር ውስጥ ካቴና የለውም። አንድ ሲሊንደር፣ አንድ ካርቡራተር፣ አንድ ካንዴላ፤ ይዘቱ 124 ሲሲ። የቻይና ፋብሪካዎች ይህን ሞተር መሠረት አድርገው ለቁጥር የሚታክት ዝርያ ስላወጡ፣ የሆንዳን ሲጂ ነድታችሁ ባታውቁም ዘመዱን መንዳታችሁ አይቀርም። ካርቡራተር ያለው ያማሃም፣ ሱዙኪም፣ ባጃጅም ቢሆን አካሄዱ ይኸው ነው፤ ቁጥሮቹን ብቻ ከየራሱ መጽሐፍ ተመልከቱ።

ካቻቪቴ ከመነሳቱ በፊት አንድ ጥያቄ አለ። የደከመው በእርግጥ ሞተሩ ነው? ሰርቪስ ሲደረግ ፍሬንም ይጠብቃል፣ ካቴናም ይወጠራል። ሞተር ሳይክሉን በመሐል ማቆሚያው አቁሙና ማርሹን ባዶ አድርጋችሁ የኋላውን ጎማ በእጅ አሽከርክሩት። ሁለት ሦስት ዙር በነጻ ካልዞረ የታሰረው ጎማው ነው፤ ካርቡራተሩ ምንም አላጠፋም። ካቴናው ከታች በኩል ሲገፉት ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል መወዛወዝ አለበት። ዘይት ተለውጦ ከሆነ ደግሞ ምን ዓይነት ዘይት እንደገባ ጠይቁ። በእነዚህ ሞተሮች ውስጥ ፍሪሲዮኑ የሚዋኘው በሞተሩ ዘይት ውስጥ ነው። ሰበቃ እንዲቀንስ ተብሎ የተዘጋጀ አንዳንድ የመኪና ዘይት ፍሪሲዮኑን ያንሸራትተዋል፤ ዳገት ላይ በትልቅ ማርሽ ነዳጅ ስትሰጡ ድምፁ ይጮሃል፣ ፍጥነቱ ግን አይጨምርም። ጣሳው ላይ «ጃሶ ኤምኤ» የሚል ምልክት ያለበት ዘይት ለዚህ ዓይነት ፍሪሲዮን የተፈተነ ነው።

ጎማውም ፍሪሲዮኑም ደህና ከሆኑ ወደ ሞተሩ እንግባ፤ ግን በተነካው በኩል። ትናንት ይሄድ የነበረ ነገር ዛሬ ከቆመ፣ በመሐል የሰው እጅ የደረሰባቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ መጻፍ ግማሹን ሥራ ይጨርሳል። ያልተፈቱትንም ጨምሩ። ካርቡራተሩን ለማውጣት ሰርባቶዮው ተነስቶ ነበር? እንግዲያው ከታች የረጋው ዝገትና ዝቃጭ ተነቃንቋል፤ የቤንዚን ቱቦውም ሲመለስ ተጣጥፎ ሊሆን ይችላል። ሽቦ ተገፍቶ ነበር? የሠላሳ ዓመት ሽቦ ተጣጥፎ በኖረበት አቅጣጫ ብቻ ነው ደህና የሚሆነው። የሰርባቶዮው ክዳን ታጥቧል ወይም ቀለም ተቀብቷል? መሐሉ ላይ ያለችው የአየር መግቢያ ቀዳዳ ከተደፈነች፣ ሞተሩ ጥቂት ኪሎ ሜትር በሰላም ሄዶ ነዳጅ እንዳለቀበት ይጠፋል፤ ክዳኑን ስትከፍቱ «ሽሽ» ብሎ አየር ይስባል፣ ከዚያ እንደገና ይነሳል።

አሁን ወደምወደው ክፍል ደረስን። ካርቡራተር አንድ ዕቃ ይመስላል እንጂ ተራ በተራ የሚሠሩ ብዙ የቤንዚን መንገዶች አሉት፤ የትኛው እንደሚሠራ የሚወስነው እጃችሁ ነዳጅ መስጫውን ምን ያህል እንዳዞረው ነው። ሞተሩ ስንተኛ ማርሽ ላይ እንደሆነ ወይም ስንት ኪሎ ሜትር በሰዓት እንደሚሄድ ለዚህ ጉዳይ ብዙም አይነግራችሁም። ስለዚህ ነጭ ፕላስተር ውሰዱ። አንዷን ቁራጭ በሚዞረው እጀታ ላይ፣ ሌላዋን ከጎኑ በማይዞረው አካል ላይ ለጥፉ። ሙሉ በሙሉ ሲዘጋ፣ ሩብ፣ ግማሽ፣ ሦስት አራተኛና ሙሉ ሲከፈት በእስክሪብቶ መስመር አስምሩ። ከዚያ መኪና በማይበዛበት መንገድ ላይ ንዱትና የሚንተፋተፈው የትኛው መስመር ላይ እንደሆነ አስታውሱ።

እጀታው ከተዘጋበት አንስቶ እስከ አንድ ስምንተኛ ድረስ ቤንዚኑ የሚመጣው በትንሿ የሚኒሞ ጄት፣ ቀዳዳ ባላት የነሐስ ቁራጭ፣ በኩል ነው። ከአንድ ስምንተኛ እስከ ሩብ ድረስ ዋናው ጉዳይ እጀታው ሲዞር ካርቡራተሩ ውስጥ ከፍና ዝቅ የሚለው ተንሸራታች ታችኛው ጠርዙ የተቆረጠበት መጠን ነው። ከሩብ እስከ ሦስት አራተኛ ድረስ ሥራውን የሚሠራው ተንሸራታቹ ላይ የተሰካው መርፌ ነው፤ ከዚያ በላይ ትልቁ ጄት። ድንበሮቹ እንደ አጥር የተለዩ አይደሉም፣ አንዱ ሌላው ላይ ይደርባል፤ ያም ሆኖ ይህ ክፍፍል ፍለጋውን ከአንድ ሙሉ ካርቡራተር ወደ አንድ ቁራጭ ነሐስ ያወርደዋል።

በሁሉም መስመር ላይ የምትጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው፤ ቤንዚን በዛበት ወይስ አነሰበት? 1 ግራም ቤንዚን በደንብ ለመቃጠል 14.7 ግራም ያህል አየር ይፈልጋል፤ ካርቡራተር ዕድሜውን ሙሉ የሚታገለው ከዚህ ሚዛን እንዳይርቅ ነው። ለመለየት ቤንዚኑን የሚያበዛውን ቾክ ተጠቀሙ። ሞተሩ ሞቆ እየሄደ ችግሩ ባለበት መስመር ላይ ቾኩን በመጠኑ ሳቡት። ከተሻለው ቤንዚን አንሶት ነበር፤ ከባሰበት በዝቶበት ነበር። ሌላም ምልክት አለ። ቤንዚን የበዛበት ሞተር ጠዋት በብርድ ደህና ሆኖ ሲሞቅ ይበላሻል፤ ያነሰበት ደግሞ በብርድ ጊዜ ያስቸግርና ሲሞቅ ትንሽ ይሻለዋል።

ካርቡራተር «ታጥቦ» የተበላሸ ሞተር ብዙውን ጊዜ የሚያስቸግረው ታች ነው፣ ሚኒሞ ላይ። የሚኒሞዋ ጄት ቀዳዳ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ታንሳለች። አውጥታችሁ ወደ ሰማይ አቅኑና በአንድ ዓይን አጮልቁባት፤ ጥርት ያለች ክብ ብርሃን መታየት አለባት። ጨረቃ ብትመስል፣ ጠርዟ ቢሻክር ወይም ጭራሽ ባይታይ ገና አልጸዳችም። እባካችሁ ሽቦ አታስገቡባት። ነሐስ ለስላሳ ነው፤ ሽቦ ቆሻሻውን ሲያወጣ ቀዳዳውንም ይልጠዋል፣ ከዚያ በኋላ ጄቷ ላይ የተጻፈው ቁጥር ውሸት ይሆናል። የካርቡራተር ማጽጃ ፈሳሽና የኮምፕሬሰር አየር ይበቃታል፤ አየሩን ከሁለቱም አቅጣጫ ንፉ፣ ካርቡራተሩ አካል ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን መተላለፊያዎችም ጭምር። ሽቦ ገብቶባት የሰፋች ጄት ካገኛችሁ አዲስ ግዙ።

ከአጠገቧ በሞላ የተያዘች ትንሽ ማስተካከያ ብሎን አለች። ከመፍታታችሁ በፊት ወደ ውስጥ ቀስ ብላችሁ አጥብቋትና እስክትደርስ ድረስ ስንት ዙር እንደዞረች ቁጠሩ፤ ስትመልሱ ያው ቁጥር ላይ አቁሟት። ያ ቁጥር ከጠፋ ብዙ ካርቡራተሮች ላይ አንድ ተኩል ዙር ጥሩ መነሻ ነው። ከሥሯ ከሞላው ሌላ የምስር ፍሬ የማታህል የላስቲክ ቀለበት ልትኖር ትችላለች፤ ስትወድቅ ማንም አያያትም፣ ሳትመለስ ከቀረች ግን ሚኒሞው መቼም አይስተካከልም። ብሎኗ ወዴት እንደምትዞርም ቦታዋ ይወስነዋል። በፊልትሮው በኩል ያለች ከሆነ የምትቆጣጠረው አየር ነው፤ ስትላላ ቤንዚኑ ያንሳል። በሞተሩ በኩል ያለች ከሆነ የምትቆጣጠረው ቤንዚን ነው፤ ስትላላ ይበዛል። አንድ ዓይነት የምትመስለው ብሎን በሁለት ሞተር ሳይክሎች ላይ ተቃራኒ ሥራ ትሠራለች ማለት ነው፤ «ትንሽ አላላት» የሚለው የጓደኛ ምክር አንዱን አድኖ ሌላውን የሚያበላሸው ለዚህ ነው።

ችግሩ መሐል ላይ፣ ማለትም ሩብና ሦስት አራተኛ መካከል ከሆነ፣ መርፌውን ተመልከቱ። አናቱ ላይ ቁርጥ ቁርጥ ያሉ ጥቂት ጎድጓዶች አሉ፤ አንዷ ላይ ክሊፕ ተሰክቷል። ክሊፑ አንድ ደረጃ ወደ ላይ ከወጣ መርፌው ይወርድና ቤንዚኑ ያንሳል፤ ወደ ታች ከወረደ መርፌው ይነሳል፣ ቤንዚኑ ይበዛል። ተንሸራታቹም የሚገባው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ ጠርዙ የተቆረጠው ጎን ወደ ፊልትሮው ይዞራል። ፊቱ ኋላው ሆኖ በግድ ከገባ እስከ ታች አይወርድም፤ ሞተሩ እንደተነሳ ይጮሃል፣ ነዳጅ መስጫውን ብትለቁትም አይበርድም። ይህ ሲሆን ቁልፉን ወዲያው አጥፉ።

ያ መጀመሪያ ያነሳሁት የላስቲክ ስንጥቅ የሚያሳየው ምልክትም ከዚህ ጋር ይመሳሰላል፣ ግን ቀስ ይላል፤ ነዳጅ ስትለቁ ሚኒሞው ወዲያው አይወርድም፣ ከፍ ብሎ ይቆይና ሳይወድ ይወርዳል። ለመፈተን ጠርሙስ መርጫ ውስጥ ውኃ አድርጉና ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ በካርቡራተሩና በቴስታታው መካከል ባለው መጋጠሚያ ዙሪያ እርጩ። ድምፁ ከተለወጠ አየር የሚገባው እዚያ ነው። ቤንዚን የሚረጩ ሰዎች አይቻለሁ፤ የጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን መርጨት ሰው ያቃጥላል፣ ውኃው ያንኑ ይነግራችኋል። መጋጠሚያውን ሁለት ቡሎኖች ናቸው የሚይዙት። አንዱን እስከ መጨረሻ አጥብቆ ወደ ሌላው መሄድ፣ ወይም ሁለቱንም በሙሉ ኃይል ማጥበቅ ለስላሳውን ብረት ያጎብጠዋል፤ መሐሉ ላይ ስስ ክፍተት ይፈጠራል። ስለዚህ አየር አስገባ ብሎ አሁንም ማጥበቅ ችግሩን ያሰፋዋል። ገጹን መስታወት ላይ በተነጠፈ ስስ ብርጭቆ ወረቀት ማስተካከልና አዲስ የላስቲክ ቀለበት ማስገባት ይፈታዋል።

ቫልቭ ሬጂስትሮ ከተደረገ በኋላ የተበላሸ ሞተር ደግሞ ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። በሲጂ 125 ላይ ሁለቱም ቫልቮች ከሚገፋቸው ሮከር ጋር የሚፈልጉት ክፍተት 0.08 ሚሊ ሜትር ነው፣ ያውም ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ። ሌሊቱን አድሮ ጠዋት መሥራት ጥሩ ነው። ስህተቱ የሚፈጠረው በግራ በኩል ባለው ቮላኖ ላይ «ቲ» የሚለውን ምልክት ከመስመሩ ጋር ሲያገናኙ ነው። ምልክቱ ፒስተኑ ጫፍ ላይ መድረሱን ብቻ ነው የሚናገረው። ፒስተኑ ደግሞ በአንድ ሙሉ ዑደት ሁለት ጊዜ ጫፍ ይደርሳል፤ አንዴ አየሩን አምቆ፣ አንዴ ጭሱን አስወጥቶ። በሁለተኛው ላይ ሁለቱም ቫልቮች በመጠኑ ተከፍተዋል፤ እዚያ የተለካ ክፍተት እጅግ የላላ ሆኖ ይቀራል። ሞተሩ ይንቀጫቀጫል፣ ቫልቮቹ ዘግይተው ትንሽ ብቻ ስለሚከፈቱ ትንፋሽ ያጥረዋል።

ለመለየት ምንም ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም። ካንዴላውን አውጡና አውራ ጣታችሁን ቀዳዳው ላይ አድርጉ፤ ማስነሻ ፔዳሉን በሌላ እጃችሁ ቀስ እያላችሁ ግፉ። አየሩ ጣታችሁን ገፍቶ «ጵስ» ሲል ፒስተኑ እያመቀ እየወጣ ነው፤ የሚቀጥለው «ቲ» የምትፈልጉት ነው። እዚያ ላይ ሁለቱንም ሮከሮች በጣት ስትነቀንቁ ጥቂት መላወስ አለባቸው። አንዱ ካልተላወሰ ወይ የተሳሳተ ዙር ላይ ናችሁ፣ ወይ ቫልቩ ከመጠን በላይ ጠብቋል።

የመጥበቁ ነገር ከመላላቱ የበለጠ ያሳስበኛል፣ ምክንያቱም ደስ ይላል። አሮጌው ሞተር ቀጭ ቀጭ ሲል ኖሮ ከሰርቪስ በኋላ ዝም ይላል፤ ባለቤቱ መካኒኩን አመስግኖ ይሄዳል። ሞተሩ ሲሞቅ ግን የጭስ ማውጫው ቫልቭ ይረዝማል፤ ክፍተት ከሌለው መቀመጫው ላይ ሙሉ በሙሉ አያርፍም። እመቃው ይቀንሳል፣ ሞተሩ ጠዋት ተነስቶ ቀትር ላይ አልነሳም ይላል። ቫልቩ ሙቀቱን የሚያስተላልፈው በዋናነት በመቀመጫው በኩል ስለሆነ፣ ካላረፈ ይቃጠላል። ትንሽ ቀጭ ቀጭ የሚል ቫልቭ ጤነኛ ነው።

ካንዴላን በአጭሩ ልለፈው። በሲጂ 125 ላይ ክፍተቷ ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር ነው። አዲስ ስለሆነች ብቻ አትመኗት፣ አሮጌዋን መልሳችሁ ሞክሩ። ቁጥሯንም አስተያዩ። በኤንጂኬና በዴንሶ ቁጥሩ ሲጨምር ካንዴላዋ ቀዝቃዛ ትሆናለች፣ በቦሽ ደግሞ ቁጥሩ ሲቀንስ ነው የምትቀዘቅዘው፤ «ተመሳሳይ ቁጥር ስጠኝ» ተብሎ በሌላ ማርካ የተገዛች ካንዴላ ፈጽሞ ሌላ ልትሆን ትችላለች። ወጥታ ደረቅ ጥላሸት ከለበሰች ቤንዚን በዝቷል፣ ነጭ ከሆነች አንሷል ወይም ሞተሩ ከመጠን በላይ ግሏል።

እኛ አገር አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ ከፍታው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። አየሩ ሲሳሳ ካርቡራተሩ ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም፤ ስለዚህ ለቆላ የተስተካከለ ሞተር ደጋ ሲወጣ ቤንዚን ይበዛበታል። 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ድሬዳዋ ሰርቪስ የተደረገ ሞተር ሳይክል በመኪና ተጭኖ ደብረ ብርሃን ቢወጣ፣ ካንዴላው ቢጠቁርና ዳገት ላይ ቢታፈን መካኒኩ አልተሳሳተም። ለዚህ መፍትሔው ትልቁን ጄት በአንድ ሁለት ቁጥር ማሳነስና ክሊፑን አንድ ደረጃ ወደ ላይ ማውጣት ነው፤ ወደ ቆላ ሲመለስ ደግሞ የግድ መመለስ አለበት፣ አለዚያ ሞተሩ ቤንዚን አንሶት ይግላል። ከፊሉ የኃይል መቀነስ ግን በምንም ማስተካከያ አይመለስም፤ አየሩ ራሱ የለምና።

ይህን ሁሉ ስትሞክሩ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፣ ከዚያ ንዱት። ሁለት ነገር አንድ ላይ ለውጣችሁ ቢሻለው የትኛው እንዳዳነው አታውቁም፤ ቢብስበትም እንዲሁ። በመጨረሻ ራሳችሁ ባትፈቱት እንኳ ጋራዥ ስትመለሱ የምትናገሩት ነገር ይለወጣል። «አስተካክለው ተብሎ ተበላሸ» ብላችሁ ብትገቡ መካኒኩ ሁሉንም እንደገና ከመፍታት ሌላ ምርጫ የለውም። «ከአንድ ስምንተኛ በታች ይንተፋተፋል፣ ቾክ ሲሳብ ይሻለዋል፣ ነዳጅ ስለቅ ሚኒሞው ቶሎ አይወርድም፣ ፊልትሮው ከታጠበ ወዲህ ነው» ብላችሁ ብትነግሩት ግን ቁልፍ ሳያነሳ ጎንበስ ብሎ ያቺን ላስቲክ ይመለከታል።